ከደብተር የወጣችው ቦጋለች

በ1964 ዓ.ም. የአስተርዮ ማርያም ማግስት ጠዋት፣ ፋናዬ ወልደ ሚካኤል አሰላ ስልክ ቤት ማዞሪያው ፊት ተቀምጣ ሳለ፣ ከራሷ ሐሳብ የፈጠረቻት ሴት ሳጉሬ ላይ ሰው መብላቷን ሰማች።

የደወሉት አቶ ሣህሌ የሚባሉ የሳጉሬ እህል ነጋዴ ናቸው። በሰፈራቸው ስልክ ያለው ሙህዲን ባለሱቁ ብቻ ስለሆነ ከእሱ ሱቅ ሆነው አሰላ የሚኖረውን የሚስታቸውን ወንድም ገብረ መድህንን ፈለጉ። ፋናዬ ገመዱን ሰካችና «ይነጋገሩ» አለች። ከዚህ በኋላ ከመስመሩ መውጣት አለባት፤ የሥራው ደንብ ነው። ልትወጣም ነበር። «ሙሉዬ» የሚለውን ስም ስትሰማ ግን እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ሙሉዬ ልትሞትብኝ ነው» አሉ አቶ ሣህሌ። «ቡዳ በልቷታል። ትናንት አጠንናት፤ ለፈለፈች።»

«ማን ነኝ አለች?»

«‹ቦጋለች ነኝ፤ ከጭላሎ ወርጄ ነው› አለች። በጆሮዬ ሰማሁ። ምን ትፈልጊያለሽ ስንላት ‹ይመጣል፣ ይወስደኛል› ትላለች።»

«ቦጋለች ሸክላ ሠሪዋ? ወንዝ ማዶ ያለችው?»

«ሌላ ቦጋለች የት አለችና? እንዲያመጧት ሰው ልኬአለሁ። መጥታ እንትፍ ካላለችባት እኔ እንጃ። የሰፈሩ ጎረምሳ አሁኑኑ ቤቷን ካላቃጠልን እያለ ነው።»

«መኪና ልፈልግና ልምጣ፤ ሆስፒታል እናስገባት።»

«ቡዳ የያዘውን ሰው በመርፌ አስወግተህ ልትገድልብኝ ነው?»

ከጭላሎ የወረደች ቦጋለች በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም የምትኖረው ሰማያዊ ልባስ ባለው የትምህርት ቤት ደብተር ውስጥ ነው።

ነፍሷን ይማርና፣ ፋናዬ አሰላ ተወልዳ አሰላ ያደገች ናት። አያቷ ከሸዋ ከዘመቱት ጋር መጥተው አርሲ ላይ የቀሩ ሰው ነበሩ። አባቷ አቶ ወልደ ሚካኤል መሬቱን በክርክር ጨርሰው ለልጃቸው የተዉላት አንድ ግቢና ያማረ የእጅ ጽሑፍ ነው። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሰች ስልክ ቤት ገባች። አርቦዬም፣ ሮቤም፣ ሳጉሬም በድምፅዋ ያውቋታል። ፊቷን አይተው የማያውቁ ነጋዴዎች «የኔ እመቤት፣ ዛሬ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ይሏት ነበር። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ታጭታለች። እጮኛዋ ግዛቸው ሮቤ አስተማሪ ነው።

ከሰዓት በኋላ መስመሩ ሲቀዘቅዝ ትጽፋለች። ለማን እንደምትጽፍ ተጠይቃ ታውቅ እንደሆነ አይታወቅም፤ ብትጠየቅም የምትመልስ ዓይነት ሰው አልነበረችም። የምትጽፈው የፍቅር ታሪክ ነው። በጭላሎ ጫፍ፣ በጉሙ ውስጥ፣ ስውራን ይኖራሉ ይባላል፤ አይታዩም፣ አያረጁም፣ ድምፃቸው ብቻ አንዳንዴ ይሰማል። በፋናዬ ታሪክ ከስውራኑ አንዱ ሰው መስሎ ወደ ገበያ ይወርድና የቡዳ ልጅ የሆነችውን ቦጋለችን ያያል። ስውርን በእውነተኛ መልኩ ያየ ሰው ዓይኑ ይጠፋል። የቡዳ ዓይን ግን አይጠፋም። አገር ሁሉ የሚሸሸው የቦጋለች ዓይን እሱን አይቶ የሚተርፍ ብቸኛው ዓይን ሆነ። ፍቅሩ ከዚያ ይጀምራል።

የታሪኩ አንባቢ አንዲት ነበረች፤ የአቶ ሣህሌ ልጅ ሙሉዬ። አሰላ ስትማር የምትኖረው በእነፋናዬ ግቢ ተከራይታ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አንዱን ደብተር ጨርሳ ሌላው እስኪያልቅ እንቅልፍ የላትም፤ ልብስ ስታጥብ ብቻዋን «እኔ ቦጋለች፣ የጭላሎ ሙሽራ» እያለች ስታንጎራጉር ፋናዬ በመስኮት ሰምታ ስቃለች። ለጥር ዕረፍት ወደ ወላጆቿ ስትሄድ ሦስተኛውን ደብተር ይዛው ሄደች።

እንግዲህ ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን የሚናገረው እሱ ራሱ አይደለም፤ የበላው ቡዳ ነው በአፉ የሚናገረው። ይህን በአርሲ የማያውቅ የለም። ልጅቷ በትኩሳት ውስጥ ራሷን የምትወዳትን ሴት ሆና ነው ያየችው። የሰሟት ሰዎች ግን የሰሙት የቡዳ ኑዛዜ ነው። አንዲት ምንም የማታውቅ ሸክላ ሠሪ በዚህ የተነሣ ልትቃጠል ነው፤ ሙሉዬም በጭስ ውስጥ ተኝታ ልትሞት ነው።

ፋናዬ ቁልፉን ወደፊት ገፋች።

«ጋሽ ሣህሌ፣ ልጅቷን ወደ ሆስፒታል ያምጧት። ቦጋለች የምትባል ሰው አልበላቻትም። እንዲህ ያለች ሰው የለችም።»



«ገብረ መድህን» አሉ አቶ ሣህሌ ቀስ ብለው፣ «ይህን ያልከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ሴት ናት።»

«እኔም ሰምቻታለሁ።»

«ጋሽ ሣህሌ፣ እኔ የ…» ብላ ሳትጨርስ ስልኩ ተዘጋ። ሙህዲን በኋላ እንዳወራው፣ አቶ ሣህሌ እጀታውን እንደ ትኩስ ብረት ወርውረው ሦስት ጊዜ አማትበዋል።

ፋናዬ ማዞሪያውን ለባልደረባዋ ለቃ ወጣች። ፈቃድ አልጠየቀችም። ወደ ሳጉሬ የሚሄድ የገብስ መኪና አግኝታ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። በመንገዱ ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። ነገሩ ቀላል መሰላት። ደብተሩን ታሳያለች፤ ታነብላቸዋለች፤ የተጻፈ ተረት መሆኑን ያያሉ፤ ሸክላ ሠሪዋ ወደ ቤቷ፣ ሙሉዬ ወደ ሐኪም።

የአቶ ሣህሌ ግቢ ሰው ሞልቶታል። ሸክላ ሠሪዋ ቦጋለች አጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ወጣት ናት፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ከሥራዋ ላይ ነው ያነሷት። በሰውና በእሷ መሐል በሬ የሚያዞር ባዶ ቦታ አለ። ከውስጥ የሙሉዬ ማቃሰት ይሰማል፤ የተቃጠለ ጎማና የነጭ ሽንኩርት ሽታ በሩን አልፎ ይወጣል። ቡዳ በማስለፍለፍ የታወቁት ሽማግሌ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

ፋናዬ ማንነቷን ተናገረች። የሙሉዬ እናት ወይዘሮ ተሻለች አወቋትና አቀፏት። ከዚያ ገብታ ሙሉዬን አየች። ልጅቷ በቀኝ በኩል ሆዷን ይዛ እንደ ትል ተጠቅልላለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ፋናዬ ደብተሩን ከትራሱ ሥር አውጥታ ወደ ደጅ ተመለሰች።

«ሙሉዬ የጠራቻት ቦጋለች ይህችኛዋ አይደለችም» አለች። «እዚህ ውስጥ ያለችው ናት። ስሙኝ።»

አነበበችም። «ቦጋለች የጭላሎን ጉም እንደ መጋረጃ ገልጣ ገባች። ሰዎች ‹አትይን› እያሉ የሸሹት ዓይኗ አሁን ‹እይኝ› የሚላት አገኘ። ስውሩ ቆሞ ይጠብቃታል። ‹ፈራሽ?› አላት። ‹የምፈራው እኔ አይደለሁም፤ የሚፈራው ሌላው ሰው ነው፣ እኔን› አለችው።» የማዞሪያ ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። አንድም ሰው አልሳለም። ስታቆም ከሴቶቹ መሐል አንዷ «እና ወሰዳት?» አለች፤ ጎረቤቷ በክርኗ ጎሰመቻት።

«አያችሁ?» አለች ፋናዬ። «ልብ ወለድ ነው። ሙሉዬ ስታነበው ሰንብታ ትኩሳት ሲይዛት ያንን ቃዠች። ቡዳ የለም።»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እጃቸውን ዘረጉ። ደብተሩን ተቀብለው አገላበጡት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?» በከዘራቸው ወደ ሸክላ ሠሪዋ ጠቆሙ።

«ዛሬ ነው ያየኋት።»

«ስሟን ከየት አመጣሽው ታዲያ?»

«ከራሴ።»

«የቡዳ ዓይን ስውር እንደሚያይ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አሰብኩት።»

«አሰብሽው» አሉ ሽማግሌው፣ ነገሩ እንደ ተገለጠለት ሰው። «ልጄ፣ ቡዳስ የሚበላው በምን ሆነና? በጥርሱ ነው? በሐሳቡ አይደለም ወይ?»

ፋናዬ ደብተሩን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ ሽማግሌው አልሰጧትም።

«ስም ጻፍሽ። የጻፍሽውን ለልጅቷ ሰጠሽ። ልጅቷ ትራሷ ሥር አደረገችው። ታመመች። በጻፍሽው ስም ለፈለፈች።» ደብተሩን ጭናቸው ላይ በአፉ ደፉት። «ይህን እኛ ቤት ተረት አይሉትም።»

«ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ» አለ ሙህዲን ከበሩ አጠገብ። «ጠዋት ስልክ ውስጥ የገባችው ሴት ድምፅ ይኼ ነው። ወላሂ፣ ይኼው ነው። ማንም ሳይጠራት ነው የገባችው።»

«ሥራዬ ነው እኮ» አለች ፋናዬ። «የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነኝ።»

«ታዲያ አላልኩም?» አለ ሙህዲን።

ፋናዬ በኋላ ለእናቷ እንደነገረችው፣ ያን ሰዓት ያስደነገጣት ቁጣ አልነበረም። የተቆጣ አልነበረም። ያስደነገጣት ባዶው ቦታ ነው። ሸክላ ሠሪዋን ከብቦ የነበረው ክፍት መሬት ሳታየው ተነሥቶ ወደ እሷ መጣ። አጠገቧ የነበሩት ወይዘሮ ተሻለች፣ ቅድም ያቀፏት ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አጥሩ ድረስ አፈገፈጉ። ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ ማንም «ቁጭ በይ» አላላትም።

«እውነቱን ተናገሪና ይውጣልሽ» አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ። «አንቺ ነሽ የበላሻት፣ ወይስ እሷ?»

አይደለሁም ማለት ትችላለች። አይደለሁም ካለች ግን ባዶው ቦታ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ይመለሳል፤ ጭሱም እንደገና ይጫራል። ነኝ ካለች ደግሞ የቡዳ ስም እንደ ዘር ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የግዛቸው ሽማግሎች ለሠርጉ ቀን ሊቆርጡ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ። ከውስጥ ሙሉዬ አንዴ ጮኸችና ዝም አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ፋናዬ። «እኔ ነኝ የበላኋት።»

ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። በሕይወቷ እንዲህ በቀላሉ የታመነላት ነገር አልነበረም።

ሽማግሌው ከበርጩማቸው ቀና አሉ። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ ያውቁታል፤ ድምፃቸውም ተለወጠ። «በየት ገባሽባት?»

«በዓይኗ።»

«ምን ትፈልጊያለሽ? የምትፈልጊውን ውሰጂና ልቀቂያት።»

ይህ የደንቡ ዋና ቦታ ነው። ቡዳ ሳይከፈለው አይለቅም፤ የጠየቀውንም መከልከል አይቻልም። አብዛኛው አመድ ይጠይቃል፤ እበት የሚጠይቅም አለ፤ ከመንጋ መሐል ጥቁር ዶሮ የሚመርጥም አለ። ጎረምሶቹ አመዱን በገበቴ አዘጋጅተውት ነበር።

«የሙህዲንን መኪና» አለች ፋናዬ።

ሙህዲን ፈዞ ቀረ። «ላንድሮቨሩን? እንዴት አድርጋ ነው የምትበላው?»

«አልበላውም። ሙሉዬን ጭነን አሰላ ሆስፒታል በር ድረስ እንሄዳለን። የምለቃት በሩ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አልለቅም።»

«መርፌ ይወጓትና ትሞታለች» አሉ ወይዘሮ ተሻለች ከአጥሩ ሥር።

«የሚገድለው የያዛት ሳይለቃት ሲወጉ ነው። እኔ በሩ ላይ እለቃታለሁ፤ ከዚያ ይውጓት። ምንም አትሆንም።»

ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ነቀፋ እንደፈለጉለትና እንዳላገኙለት ፊታቸው ይናገራል። «እንዲህ ያለ ጠይቆ አያውቅም» አሉ። «ግን ጠየቀ። ደንቡ ደንብ ነው። ማይልኝ።»

«የአባቴ የወልደ ሚካኤል አጥንት ይውጋኝ።»

«ሙህዲን፣ ቁልፍህን አምጣ።»

«ነዳጁስ?» አለ ሙህዲን። «ነዳጅም የጠየቀችው ውስጥ አለበት?» እያጉረመረመ ሄደ፤ ግን ሲነዳ እንደ አምቡላንስ ነበር የነዳው።

ሙሉዬን ከኋላ አጋደሟት፤ አቶ ሣህሌ ከሙህዲን አጠገብ ተቀመጡ። ወይዘሮ ተሻለች የልጃቸውን ራስ ታቅፈው፣ ፋናዬን ከእግሯ በኩል አስቀመጧት፤ እንዳትነካት፣ ግን እንዳትርቅም። ከሳጉሬ አሰላ ያለው መንገድ ያን ጊዜ ጠጠርና አቧራ ነው። ሙሉዬ አንድ ቦታ ላይ ዓይኗን ገልጣ «እትዬ ፋናዬ፣ ጉሙ መጣ?» አለች። ፋናዬ ልትመልስላት ስትል እናትየው በመዳፋቸው የልጅቷን ዓይን ሸፈኑ።

ሆስፒታሉ በር ላይ የሆነውን ያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም በየፊናው ያወራዋል። የሚስማሙበት ይህ ነው። አስታማሚዎቹ ቃሬዛ ይዘው ሲመጡ አቶ ሣህሌ በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙና «አስቀድማ ትልቀቃት» አሉ። ፋናዬ ጎንበስ ብላ በሙሉዬ ግንባር ላይ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለች። ከአስታማሚዎቹ አንዱ፣ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር፣ በድምፅዋ የሚያውቃት ሰው ነበር።

«ፋናዬ፣ ምን ነካሽ? አንቺም?»

«ዝም ብለህ አስገባት» አለችው።

ትርፍ አንጀት ነበር። ሐኪሙ ጥቂት ብትዘገዩ ይፈነዳ ነበር አለ። ቀደዷት፤ ዳነች። በሳምንቱ ተቀምጣ አጥሚት ጠጣች። ይህ ሁሉ ለአቶ ሣህሌ ቤት አንድ ነገር ብቻ አረጋገጠላቸው፤ በላኋት ያለችው ስትለቃት ልጅቷ ዳነች። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ያመጣል?

ወሬው ከመኪናው ቀድሞ አሰላ ገብቷል። ስልክ ቤት ሥራዋን አላጣችም፤ ሳታስፈቅድ ለወጣችበት ደመወዝ ተቀጣች እንጂ። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዋን ስትከፍት ባልደረቦቿ ሥራ ይበዛባቸው ጀመር። ደብተሩን ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አቃጠሉት። የቀሩትን ሁለቱን እናቷ ሳይነግሯት እሳት ውስጥ ከተቱ። ሙሉዬን ወላጆቿ ሌላ ቤት ተከራዩላት። በመንገድ ሲገናኙ ልጅቷ ቀና ብላ ልታይ ትፈልግና፣ አብራት ያለችው ዘመዷ ፊቷን በነጠላ ትጋርዳታለች።

ግዛቸው ከሮቤ ደወለ። የጠየቀው የእነፋናዬን ጎረቤት ስልክ ነበር፤ ማዞሪያው ላይ ስለተቀመጠች ግን ራሷ አነሣችው።

«ፋንዬ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ ናት። አልጋ ላይ ወድቃለች። ‹የልጅ ልጆቼን ጅብ ልታደርጋቸው ነው› ትላለች። ትንሽ ብንቆይ፣ ነገሩ እስኪበርድ…»

«ገባኝ።»

«ምን ልበላት? አንቺው ንገሪኝ እስኪ።»

«ሦስቱ ደቂቃ አልቋል» አለች ፋናዬ፣ ለማንኛውም ደዋይ እንደምትለው። «ይጨመርልዎ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ገመዱን ነቀለች።

ከሁሉ ያስደነገጣት ግን ይህ አልነበረም። ያስደነገጣት ነገር የመጣው ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1966 ዓ.ም. ነው። የካቲት ነበር፤ በየከተማው ሥራ ማቆምና ሰልፍ ተነሥቶ መስመሩ ሁሉ በወሬ ይጮሃል። ቅዳሜ ዕለት አሰላ ገበያ ስታልፍ ሸክላ ሠሪዋን ቦጋለችን አየቻት። ጀበናና ገንቦ ደርድራ ተቀምጣለች፤ ከተወለደች ገና ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ታቅፋለች። ፋናዬ ልቧ ሞቀ። በዓለም ላይ ይህ ነገር ሐሰት መሆኑን በአጥንቷ የምታውቅ አንዲት ሰው ይህች ናት።

«እንዴት ነሽ እህቴ?» አለች ጎንበስ ብላ።

ቦጋለች ቀና አለች፤ አወቀቻት። «እግዜር ይመስገን። እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለኝ የለም፤ ቤቴን ግን አልነኩብኝም። ባንቺ ነው። ሁልጊዜ አነሣሻለሁ።»

«አሁንስ ያስቸግሩሻል?»

«ያው ነው። ሲበሉ ፊት ያዞሩብኛል። ለምጄዋለሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ አዲስ ስለሆንሽ ልንገርሽ። ሰው ሲጎርስ አትዪ። የሰው ከብት ሲያምርሽ አታመስግኚ። ልጅ ካየሽ ቶሎ እንትፍ በዪ፣ ‹ማርያም ታሳድግህ› በዪ። ለቅሶ ቤት ኋላ ገብተሽ ፊት ውጪ። ይቀልልሻል።»

ፋናዬ ሳቀች፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ አልሳቀችም። «እኔና አንቺ እውነቱን የምናውቅ፣ እኛው ለእኛው እንዲህ እንባባል?»

ቦጋለች አልሳቀችም። «እኔን እንኳ በሐሰት ነው የሚሉኝ» አለች። «አባቴም ሸክላ ሠሪ፣ እናቴም ሸክላ ሠሪ፣ በሙያችን ነው የሚጠሉን። ማንንም በልቼ አላውቅም። አንቺ ግን በራስሽ አፍ ተናገርሽ። በአባትሽ አጥንት ማልሽ። ስትለቂያት ዳነች። ድና ሳጉሬ ስትመለስ አይቻታለሁ እኮ።»

ይህንንም ስትል፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ ማንም እናት እንደምታደርገው፣ ልጇን ቀስ ብላ ከጭኗ አንሥታ ወደ ጀርባዋ አዞረችና ነጠላዋን አለበሰቻት።

ፋናዬ የምትለው ብዙ ነበራት፤ ሳጉሬ ግቢ ውስጥ ለምን «እኔ ነኝ» እንዳለች ለዚህች ሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልትነግራት ትችል ነበር። ነጠላው ሥር ልጅቷ መላወስ ጀመረች፤ የእናትየው እጅም በጀርባዋ ላይ ጠበቀ። ፋናዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ማርያም ታሳድግልሽ» አለች፤ ፊቷንም አዙራ ሄደች።